ኃይሌ ፊዳ

ኃይሌ ፊዳ የመላው ኢትዮጵያ ሶሻሊስት ንቅናቄ (መኢሶን) መሪ ነበር። በ1966ቱ አብዮት ማግሥት ከወታደራዊው መንግሥት ከደርግ ጎን ከቆሙት ምሁራን መካከልም ስሙ ቀድሞ ይነሣል። ወለጋ፣ አርጆ ተወልዶ ለትምህርት ፈረንሳይ ገባ፤ በአውሮፓ የኢትዮጵያ ተማሪዎች እንቅስቃሴ ውስጥም ጎልቶ ወጣ። መኢሶን በነሐሴ 1960 ዓ.ም. ሃምቡርግ ላይ በኅቡዕ ተመሠረተ። ኃይሌ በስደት ሳለ የአፋን ኦሮሞን ሰዋስው በላቲን ፊደል አዘጋጅቷል፤ ፊደሉ ለቋንቋው በይፋ የተመረጠው በ1984 ዓ.ም. ነው።

በ1967 ዓ.ም. አገሩ ገባ።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ ገባሩን ከባለርስቱ ቀንበር አላቀቀ። ዘላን አርብቶ አደሮች በልማድ በሚያሰማሩበት መሬት ላይ ያላቸውን የይዞታ መብትም አወቀ። ይህ ለከብት አርቢው አገር ቀላል ነገር አልነበረም። መኢሶን እንዲህ ያሉ እርምጃዎችን አይቶ ለደርጉ «ሂሳዊ ድጋፍ» ሰጠ። ተቀናቃኙ የግራ ድርጅት ኢሕአፓ በበኩሉ ወታደሩ ሥልጣን ለጊዜያዊ ሕዝባዊ መንግሥት ያስረክብ አለ። ሁለቱ ወገኖች በመንግሥት ጋዜጣ በ«አዲስ ዘመን»፣ «አብዮታዊ መድረክ» በተባለው ዓምድ ላይ በጽሑፍ ተፋለሙ። ብዙም ሳይቆይ ክርክሩ ከጋዜጣ ወጥቶ ወደ ጥይት ተሸጋገረ፤ በ1969 መጀመሪያ ከመኢሶን መሪዎች አንዱ ፍቅሬ መርዕድ ተገደለ።

ኃይሌ በ1968 ዓ.ም. የተቋቋመውን የሕዝብ ድርጅት ጉዳይ ጊዜያዊ ጽሕፈት ቤት በሊቀ መንበርነት መራ። የካድሬ ሥልጠናና የቀበሌ ማደራጀት ሥራ በዚህ ቢሮ እጅ ነበር። ቀበሌዎቹ ሲታጠቁና ሽብሩ ሲበረታ በኢሕአፓነት የተጠረጠረ ወጣት በየመንደሩ ተለቀመ። ለዚህ ደም መኢሶንም ድርሻ አለው፤ የኃይሌን ታሪክ የሚጽፍ ሰው ይህን ሊያልፈው አይገባም።

ከሌላ ኃይል ጋር መጣመር በራሱ ለሶሻሊስት እንግዳ ነገር አይደለም፤ የስዊድን ሶሻሊስቶች መሪ ያልማር ብራንቲንግም በ1917 እ.ኤ.አ. ከሌላ ወገን ጋር ሥልጣን ተጋርቷል፤ በዚያው ዓመት የግራ ክንፉ ጥሎት ወጥቷል። ብራንቲንግ የተጣመረው ግን በምርጫ ከሚወጡና ከሚወርዱ ሊበራሎች ጋር ነው። በ1920 ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነ፤ በ1921 የኖቤል የሰላም ሽልማት ተጋራ። ኃይሌ የተጣመረው ፓርላማ ከሌለው፣ መሣሪያውንም ከእጁ ከማያወጣ ወታደር ጋር ነበር፤ ድጋፉን ሲነሣ የሚጠለልበት ምንም ተቋም አላገኘም።

በነሐሴ 1969 ዓ.ም. መኢሶን ከደርግ ተለይቶ ወደ ኅቡዕ ገባ። ኃይሌ ከአዲስ አበባ ቢወጣም ብዙ ሳይርቅ ተያዘ፤ ሁለት ዓመት ገደማ ታስሮ በ1971 ዓ.ም. ያለ ፍርድ ተገደለ። የንቅናቄውን ጉዞ ከውስጥ ሆኖ የጻፈው የትግል ጓዱ አንዳርጋቸው አሰግድ ነው፤ መጽሐፉን «ባጭር የተቀጨ ረጅም ጉዞ» ብሎታል።