«ሚስትና ርስት»፦ የነገ ተረት የትናንት ታሪክ ሲሆን

«በሚስትና በርስት ቀልድ የለም» ይላል የሀገራችን ሰው። ብሂሉን ሰምተነው ያደግነው የክብርና የጀግንነት ቃል አድርገን ነው። ልብ ብሎ ለመረመረው ግን ተናጋሪው ወንዱ ብቻ ነው፤ ሴቲቱና መሬቱ ጎን ለጎን የተቀመጡት በአንድ የንብረት መዝገብ ላይ ነው። ይህን ጥምረት የፖለቲካ ጥያቄ አድርጎ ያነሣ የአስተሳሰብ ፈለግ አለ። መጪውን ዘመን በጨለማ የሚሥሉ የሳይንስ ልብ ወለዶችንም በሌላ ዐይን እንድናነባቸው አስችሎናል። (ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

«ኢኮፌሚኒዝም» የሚለውን ስያሜ በ1974 ያስተዋወቀችው ፈረንሳዊቷ ደራሲ ፍራንሷዝ ዶቦን ናት። ነገሩ ሲጠቃለል፣ መሬትን ያለ ልክ የሚመዘብረውና በሴት ማሕፀን ላይ የሚያዝዘው ሥልጣን አንድ ነው የሚል ነው። በ1980 ደግሞ አሜሪካዊቷ የታሪክ ምሁር ካሮሊን መርቸንት «የተፈጥሮ ሞት» በተሰኘው መጽሐፏ ጉዳዩን በታሪክ መረመረችው። ምድር እንደ እናት በምትታይበት ዘመን ሆዷን ቀድዶ ማዕድን ማውጣት ቢያንስ ኅሊናን ይጎረብጥ ነበር፤ በ16ኛውና በ17ኛው ምእት ዓመት በአውሮፓ ምድር እንደ ግዑዝ ማሽን መታየት ስትጀምር ግን ልጓሙ ላላ ትላለች።

እንግዲህ ወደ ልብ ወለዱ እንለፍ። ካናዳዊቷ ማርጋሬት አትዉድ የገረዲቱን ታሪክ መጻፍ የጀመረችው በ1984፣ በግንብ በተከፈለችው በርሊን ተቀምጣ ሲሆን መጽሐፉ በ1985 ታተመ። ገለዓድ በተባለው ምናባዊ መንግሥት አየሩና ውኃው ተመርዟል፤ ወላድም ጠፍቷል። ገዢዎቹ የተመረዘውን ምድር ከማከም ይልቅ መውለድ የሚችሉትን ሴቶች በየሹማምንቱ ቤት ገረድ አድርገው ያከፋፍላሉ፤ ለዚህም የራሔልንና የአገልጋይዋን የባላን ታሪክ ከኦሪት ይጠቅሳሉ። «አትጠቅምም» የተባለችው ደግሞ መርዛማ ቆሻሻ እንድትጠርግ ወደ ሩቅ ግዞት ትላካለች። የወንዶቹን መካንነት ማንሣት ክልክል ነው። መሬቱን ያበላሹት ሌሎች፣ ዕዳውን የሚከፍሉት ሴቶች መሆናቸው ነው።

ይህ ትንቢት ነውን? አይደለም። ደራሲዋ ራሷ የሰው ልጅ አስቀድሞ ያልፈጸመውን አንድም ነገር በመጽሐፉ ውስጥ እንዳላስገባች ደጋግማ ተናግራለች። በልብ ወለዱ መዝጊያ ላይም ሮማንያን በስም ታነሣለች። የሮማንያ መንግሥት በ1966 ባወጣው ድንጋጌ ቁጥር 770 ፅንስ ማስወረድን ከጥቂት ሁኔታዎች በቀር ከለከለ። በማግሥቱ ዓመት የወሊድ ቁጥር ወደ እጥፍ ተጠጋ። በ1980ዎቹ ሠራተኛ ሴቶች በየመሥሪያ ቤታቸው የማሕፀን ምርመራ ይደረግላቸው ጀመር። ድንጋጌው ከቻውሼስኩ አገዛዝ ጋር በታኅሣሥ 1989 እስኪወድቅ ድረስ በድብቅ ውርጃ በሺህ የሚቆጠሩ ሴቶች አልቀዋል። በዚያው ሀገር፣ በዚያው ዘመን፣ ኮፕሻ ሚካ የምትባል ከተማ ለጎማ ሥራ የሚውል ጥላሸት በሚያመርት ፋብሪካ ጠቁራ፣ ከእርሳስ ማቅለጫው በሚወጣው ጢስ ተመርዛ ትኖር ነበር። ምርት ጨምር የተባለው መሬትና ውለጂ የተባለችው ሴት በአንድ መንግሥት የዕቅድ መዝገብ ላይ ነበሩ።

ጥቁር አሜሪካዊቷ ኦክታቪያ በትለር በ1993 ባሳተመችው «የዘሪው ምሳሌ» ደግሞ ታሪኩ የሚጀምረው በ2024 ካሊፎርኒያ ነው፤ ድርቅ፣ እሳት፣ ከቤንዚን ይልቅ የተወደደ ውኃ። የልብ ወለዱ ቀን መቁጠሪያ እውነተኛውን 2024 ተሻግሯል፤ በጥር 2025ም ደራሲዋ የተቀበረችበት አልታዴና በሰደድ እሳት ነደደ። ሆኖም በትለርን ነቢይ ማለት ሥራዋን ማሳነስ ይመስለኛል። በመጽሐፉ ሠራተኞችን በዕዳ አስሮ የሚገዛው ኩባንያ ከባርነት ታሪክ የተቀዳ ነው። አንዳንድ ሐያስያን አትዉድን የሚነቅፏትም በዚሁ ነው፦ ጌታ በማሕፀናቸው ሲያዝዝ የኖረውን የጥቁር ባሪያዎችን መከራ ወስዳ ለነጭ ሴቶች አለበሰችው ይላሉ። ነቀፋው ሚዛን የሚደፋ ነው።

በኢኮፌሚኒዝምም ላይ የሚነሣ ሥጋት አለ። «ሴት እንደ ምድር ናት» የሚለው ውዳሴ ሲበዛ፣ ተመልሶ ወደዚያው ወደ ብሂላችን መዝገብ ይወስደናል። ሴትን ከመሬት ጋር ያዛመዳት ተፈጥሮዋ ሳይሆን የገዢዎች ሥራ መሆኑን መሳት አይገባም።

ውድ አንባቢያን፣ እነዚህን መጻሕፍት እንደ ትንቢት ካነበብናቸው «ገና አልደረሰም» ብለን ልንጽናና እንችላለን። እንደ ታሪክ ካነበብናቸው ግን ቋንቋችንን እንመረምራለን። በእኛም አማርኛ ያልታረሰ መሬት «ድንግል መሬት» ይባላል። ቃሉን በሰማን ቁጥር ሁለት ነገር እንጠይቅ፦ በመሬቱ ላይ የሚያዝዘው ማን ነው? መሬቱ ሲነጥፍ ውኃውን ከሩቅ በጀርባዋ የምትሸከመውስ ማን ናት?