ዊሊስ ኦቨርላንድ፦ የአንድ አሜሪካዊ መኪና አነሳስና አወዳደቅ፣ ከላስታ ተራራ ሲታይ



የዛሬው ገለጻ ርእስ በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ሲለጠፍ አንዳንዶቻችሁ እንደተገረማችሁ ሰምቻለሁ። እዚህ ላሊበላ ተቀምጦ፣ ዐሥራ አንዱ ውቅር አብያተ ክርስቲያናት አጠገብ ሆኖ፣ ስለ ዛጉዌ ነገሥታት በመናገር ፈንታ በኦሃዮ ግዛት ስለ ከሰመ የመኪና ስም ማውራት ምን ይሉታል? ምክንያቴ ይህ ነው። የላስታ ታሪክ ባመዛኙ የመንገድ ታሪክ ነው። ማን በምን ወደ እኛ ደረሰ፣ እኛስ በምን ወጣን የሚለው ጥያቄ በክፉ ዘመን የሞትና የሕይወት ጥያቄ ሆኖ ያውቃል። ወደዚህ አቀበት በየዘመኑ የወጡት ላንድሮቨር፣ ዋዝና ላንድክሩዘር ደግሞ የተለያየ አገር ዜጎች ይምሰሉ እንጂ በሐሳብ የአንድ አባት ልጆች ናቸው። የአባታቸው ስም ዊሊስ ነው።

በመንገዴ ላይ ግራ እንዳላጋባችሁ፣ የውጭውን ታሪክ ስናገር ዘመኑን በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጠራለሁ፤ የአገራችንን ስጠራ ዓ.ም. እላለሁ።

ዊሊስ በመጀመሪያ የሰው ስም ነው። ጆን ኖርዝ ዊሊስ በ1873 በኒው ዮርክ ግዛት ተወለደ፤ በወጣትነቱም ብስክሌት ነጋዴ ነበር። በ1907 ኢንዲያናፖሊስ ከነበረው ኦቨርላንድ ከተባለ አነስተኛ ፋብሪካ 500 መኪናዎች አዝዞ ቀብድ ከፈለ። በዚያው ዓመት የአሜሪካ ባንኮች ተናጉ፤ መኪናዎቹም ሳይመጡ ቀሩ። ዊሊስ በባቡር ተሳፍሮ ፋብሪካው ቢደርስ ያገኘው የሠራተኛውን ደመወዝ መክፈል ያቃተው ድርጅት ነበር። በዚያ ሳምንት ለደመወዙ የጎደለው ገንዘብ 350 ዶላር ገደማ ነበር ይባላል፤ እሱንም ካረፈበት ሆቴል አሰባስቦ አስሞላው። በሚቀጥለው ዓመት ሥራው ሰፍቶ ፋብሪካው ስለጠበበ መኪናዎቹን በሰርከስ ድንኳን ውስጥ ይገጣጥሙ ጀመር። እኛ ለሠርግ ዳስ እንደምንጥለው ማለት ነው፤ በእነሱ ዳስ የተዳረው ግን ሞተር ነበር። እግረ መንገዴን ለማስታወስ ያህል፣ እንግሊዛዊው ቤንትሊ ከጅቡቲ ተነሥቶ ለአጼ ምኒልክ የመጀመሪያውን አውቶሞቢል አዲስ አበባ ያደረሰውም በዚያው ሰሞን፣ በ1900 ዓ.ም. ግድም ነው። መኪና ለእነሱም አዲስ ነገር ነበር። ከአንድ ትውልድ በኋላ የተፈጠረውን ርቀት እያየን ከጥንት የነበረ አድርገን ባናስበው መልካም ነው።

ከዚያ በኋላ የመጣው ዕድገት የሚያስደንቅ ነው። ዊሊስ በ1909 በቶሊዶ ከተማ አንድ ትልቅ ፋብሪካ ገዛ፤ በ1912 የድርጅቱ ስም ዊሊስ ኦቨርላንድ ተባለ። ከዚያ ዓመት አንሥቶ እስከ 1918 ድረስ ከፎርድ ቀጥሎ የአሜሪካ ሁለተኛው መኪና አምራች ነበር። ሰውየው ግን መግዛት ማቆም አልቻለበትም። የጎማ፣ የአክሰል፣ የኤሌክትሪክ ዕቃና የእርሻ መሣሪያ ድርጅቶችን በብድር ላይ ብድር እየጨመረ ሰበሰበ። በ1919 ቶሊዶ ላይ ደም የፈሰሰበት የሥራ ማቆም አድማ ተነሣ፤ በማግሥቱ የገበያ መቀዝቀዝ መጣ። ባንኮቹም ዕዳቸውን ለማዳን ዋልተር ክራይስለርን በዓመት አንድ ሚሊዮን ዶላር ደመወዝ ሾሙበት። ክራይስለር ሁለት ዓመት ሠርቶ ሄደና በራሱ ስም የሚጠራውን ድርጅት መሠረተ። የዊሊስ ድርጅት በ1926 ዊፔት በተባለች ትንሽ መኪና እንደገና ቀና አለ፤ ታላቁ የኢኮኖሚ ድቀት ሲመጣ ግን አልቻለም። በ1933 በፍርድ ቤት ጥበቃ ሥር ወደቀ። መሥራቹም ከሁለት ዓመት በኋላ ሞተ።

ብዙ ጊዜ ሲጻፍ የማነበው ፎርድና ጄኔራል ሞተርስ ዊሊስን ዋጡት የሚለው ነው። እኔ አልስማማም። በዚያ ዘመን ፎርድን ያልፈራ የለም፤ ፈርተውም የኖሩ አሉ። ዊሊስን የጣለው ዕዳ ነው። በደጉ ዘመን የተበደረው ብድር በክፉው ዘመን አስተዳዳሪ ሆኖ መጣበት። በአገራችን የንግድ ታሪክም ይህን መልክ የሚመስሉ አወዳደቆች እንዳሉ ተማሪዎቼ ያውቃሉ።

ድርጅቱን ያስነሣው ጦርነት ነው። በ1940 የአሜሪካ ጦር ሠራዊት በአራቱም ጎማ የሚነዳ፣ ቀላልና ዝቅ ያለ የቅኝት መኪና እንዲቀርብለት 135 ለሚሆኑ አምራቾች ጥሪ ላከ። የመጀመሪያው ናሙና በ49 ቀን መድረስ ነበረበት። በጊዜው የሞከሩት ሁለት ብቻ ናቸው፤ አንዱ ዊሊስ፣ ሌላው ከፔንሲልቬኒያ ባንታም የተባለ የከሰረ ለማለት የሚቀርብ ትንሽ ድርጅት። ቀኑን ጠብቆ ናሙናውን ያስረከበው ባንታም ነው። ይሁን እንጂ ጦሩ ባንታም ብዙ ማምረት አይችልም ብሎ ሥዕሉን ለዊሊስና ለፎርድ አሳየ። ዊሊስ የተሻለ ሞተር ነበረው፤ ባርኒ ሩስ የተባለ መሐንዲስ ደጋግሞ አሻሽሎ 60 የፈረስ ጉልበት ያደረሰው ባለ አራት ሲሊንደር ሞተር። በ1941 ጨረታውን አሸነፈ። እስከ ጦርነቱ ማብቂያ ዊሊስ ከ360,000 በላይ አመረተ፤ የቀረውን በዚያው ሥዕል ፎርድ ሠራ፤ በድምሩ ከ600,000 አለፈ። ዓለም በሙሉ ጂፕ አለው። ባንታም ተጎታች ጋሪ እንዲሠራ ተደረገ። ዊሊስ ግን ጂፕን የፈጠርኩት እኔ ነኝ እያለ ሲያስነግር የአሜሪካ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ከሰሰው፤ በ1948ም እንዲህ እንዳይል አዘዘው። ይህንን የማነሣው የፈጣሪነት ክብር ለማን እንደሚደርስ የሚወስነው ብዙ ጊዜ የማምረት አቅም መሆኑን ስለሚያሳይ ነው።

ከጦርነቱ በኋላ ዊሊስ ጂፕን ለገበሬ አቀረበ። ማረሻ የሚጎትት፣ መጋዝና ወፍጮ የሚያሽከረክር መኪና ተብሎ ተሸጠ። በ1946 ደግሞ ሙሉ በሙሉ ከብረት የተሠራ የቤተሰብ መኪና ወጣ። ዋናው ችግር ዊሊስ የመኪና አካል የሚቀጠቅጥበት የራሱ መሣሪያ ስላልነበረው ቅርጹ ቀላል እንዲሆን መገደዱ ነው። በ1950 ጂፕ የሚለውን ቃል የንግድ ምልክቱ አድርጎ አስመዘገበ። በ1953 ካይዘር የተባለ ድርጅት 60 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ከፍሎ ገዛው። በ1955 በዊሊስ ስም የሚጠሩ የቤት መኪናዎችን ማምረት በአሜሪካ ቆመ፤ መሣሪያው ወደ ብራዚል ተሻገረ። በ1963 ድርጅቱ ካይዘር ጂፕ ተባለና የዊሊስ ስም ከፋብሪካው በር ወረደ። ጂፕ ግን ከእጅ ወደ እጅ፣ በ1970 ወደ አሜሪካን ሞተርስ፣ በ1987 ወደ ክራይስለር እየተሸጋገረ አለ። ልጁ የአባቱን ስም በላው ማለት ይቻላል።

አሁን ወደ አገራችን ልመለስ። በየካቲት 1945 ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት ከአጼ ኃይለ ሥላሴ ጋር በግብፅ መራራ ሐይቅ፣ በጦር መርከብ ላይ ሲገናኙ አራት የጦር ማዘዣና የቅኝት መኪናዎችን በስጦታ አበርክተውላቸዋል። እነዚህ ከዊሊስ ጂፕ ከፍ ያሉ ናቸው፤ ቢሆንም ንጉሠ ነገሥቱ ለአገራቸው ምን ዓይነት መኪና እንደሚያስፈልግ ከዚያ ዘመን ጀምሮ ማወቃቸውን ያሳያል። በ1951 ወደ ኮሪያ የዘመተው የቃኘው ሻለቃ በአሜሪካ 7ኛ እግረኛ ክፍለ ጦር ሥር ሲሰለፍ ወታደሮቻችን ከጂፕ ጋር በሚገባ ተዋወቁ። በ1953 በተፈረመው የጦር ርዳታ ስምምነትም ጂፕ ከሌሎች መሣሪያዎች ጋር መጣ።

እዚህ ላይ አንድ የቋንቋ ነገር አለ፤ እኔ ሁልጊዜ ይገርመኛል። የአማርኛ የመኪና ቃላት ባመዛኙ ጣልያንኛ ናቸው። ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ባሌስትራ፣ ካንዴላ፣ ማርሚታ፣ ጎማ፣ ጎሚስታ፣ ሌላው ቀርቶ ሊብሬና ቦሎ። በቶሊዶ የተሠራ ጂፕ ቢመጣም ሲፈታና ሲገጠም አካሉ በጣልያንኛ ተጠርቷል፤ እንግሊዝኛው ያተረፈው ጂፕ የሚለውን የራሱን ስም ብቻ ነው። እሱም ቢሆን የድርጅት ስም ሆኖ አልቆየም። የኔ ትውልድ ሰው ላንድሮቨርንም፣ ቶዮታንም፣ ሸራ ያለበትን ማናቸውንም ቁመተ አጭር መኪና ጂፕ ይላል። ዊሊስ በንግድ ምልክትነት ያስመዘገበው ቃል እዚህ አገር የሁሉም ሆነ።

ለላስታ ቁም ነገሩ ልጆቹ ናቸው። ሞሪስ ዊልክስ የተባለ እንግሊዛዊ የሮቨር ኩባንያ መሐንዲስ በእርሻው ላይ ከጦርነት የተረፈ ዊሊስ ጂፕ ይነዳ ነበር። መለዋወጫው ሲቸግረው የራሱን ሊሠራ ተነሣ፤ የመጀመሪያውንም ሙከራ በጂፑ ሻሲ ላይ ሠራው። በ1948 አምስተርዳም ላይ ላንድሮቨር ተብሎ ቀረበ። ቶዮታ በ1951 የሠራውን መኪና ራሱ ቶዮታ ጂፕ ብሎት ነበር፤ ስሙ የሌላ ሰው ንብረት በመሆኑ በ1954 ላንድክሩዘር አለው። ሶቪየቶች በጦርነቱ ዘመን ከአሜሪካ በርካታ ጂፖች ተቀብለው ከዚያ ተምረዋል፤ በደርግ ዘመን ዋዝ ብለን የጠራነው የዚያ መስመር ውጤት ነው። እንግዲህ በዘውዱ ዘመን ላንድሮቨር፣ በደርግ ዋዝ፣ ከዚያ ወዲህ ላንድክሩዘር። በላስታ መንግሥት ሲለወጥ የሚታወቀው በመኪናው ነው ብል የምቀልድ አይምሰላችሁ።

ዋናው ጥያቄ ግን እነዚህ መኪናዎች ለማን መጡ የሚለው ነው። በ1960ዎቹ አየር መንገዳችን በዳኮታ አውሮፕላን በበጋ ወራት ጎብኚ ያመጣ ነበር፤ ክረምት ሲገባ ሜዳው ጭቃ ስለሚሆን ይቋረጣል። ከሜዳው እስከ ከተማዋ ያለውን መንገድ የሚወጣው ላንድሮቨር ነው። ጣልያናዊው ሳንድሮ አንጀሊኒ አብያተ ክርስቲያናቱን ሊጠግን የመጣው በ1966 ነው፤ በዚያው ሰሞን አየርላንዳዊቷ ተጓዥ ዴርቭላ መርፊ በቅሎዋን እየሳበች ላሊበላ ገብታለች። ሁለቱ ዘመናት በአንድ አደባባይ ተገናኝተው ነበር።

አሁን ስሌት እንሥራ። የአሜሪካ ጦር ጂፕን የመደበው ሩብ ቶን ጫኝ ብሎ ነው። በእኛ መስፈሪያ ከሁለት ኩንታል እምብዛም አያልፍም። አንድ ብርቱ አጋሰስ ኩንታል ገደማ ይጭናል። ስለዚህ ጂፕ የሁለት፣ ቢበዛ የሦስት አጋሰስ ጭነት ቢይዝ ነው፤ ቤንዚኑንም መጫን አለበት። ይህ መኪና ሰው ለማድረስ፣ መልእክት ለማድረስ፣ ሹም ለማድረስ የተሠራ ነው። እህል ለማድረስ አልተሠራም።

በ1965 እና 66 ዓ.ም. ወሎ ሲራብ ጂፕም ላንድሮቨርም በክፍለ ሀገሩ ነበሩ። አይተው የሚመለሱ ሰዎችን ማመላለስ ይቻል ነበር፤ የታየውን ለመናገር የደፈረ ማነሱ ሌላ ጉዳይ ነው። እህል የሚጭነው ካሚዮን ግን ጣልያን ከሠራው የደሴ፣ ወልድያና ቆቦ አውራ ጎዳና ወደ ላስታ መውጣት አልቻለም። እህሉ ወደ ሕዝቡ ሳይሄድ ሕዝቡ ወደ እህሉ ወረደ። መጠለያዎቹ በዚያ መንገድ ዳር ለዳር የተከፈቱት ለዚህ ነው። ሰው የሞተው ከአስፋልቱ በስንት ቀን የእግር መንገድ ርቆ እንደነበር ካርታ ላይ ቢሠራ፣ ለታሪክ ክፍላችን ከብዙ መጻሕፍት የሚበልጥ ጥናት ይሆናል። በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ሲደገም ቻይናዎች የሠሩት የወልድያ ወረታ መንገድ ጋሸናን አልፎ ተዘርግቶ ነበር፤ ጦርነቱ ግን መንገዱን መልሶ ዘጋው። ከጋሸና ወደ ላሊበላ የሚያስገባው 64 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድም ለረጅም ጊዜ የአቧራና የጭቃ መንገድ ሆኖ ኖሯል።

ስለዚህ ጂፕ ላስታን ከዓለም አገናኘ የሚለውን የተለመደ አባባል በከፊል ብቻ ነው የምቀበለው። ዓለምን ወደ ላስታ አወጣ። የላስታን ገበሬ ያወረደውና የመገበው፣ ሲሆንለት፣ ካሚዮንና መንገድ ነው።

የዊሊስ መጥፋት እዚህ እንዴት ታየ? ድርጅት ሲሞት መጀመሪያ የሚጠፋው መለዋወጫው ነው። በ1977 ደርግ ከአሜሪካ ጋር ሲቃቃር የአሜሪካ ዕቃ ይበልጥ ራቀ። መካኒኮቻችን ከአንዱ ፈትተው ለሌላው ገጠሙ፤ የማይገጠመውን አስቀጠቀጡ፤ በመጨረሻ ሻሲው የጋሪ አካል፣ ላሜራው የቤት ክዳን፣ የባሌስትራው ብረት ማረሻና መጥረቢያ ሆነ። ቀጥቃጮቻችን የባሌስትራን ብረት ምን ያህል እንደሚወዱት የምታውቁ ታውቁታላችሁ። በአገራችን መኪና ተጥሎ አይቀርም፤ ለዚህም ነው ለሙዚየም የሚሆን የማናገኘው።

እንግዲህ ለምርምራችን የሚረዳን ብረቱ ስላልተረፈ ወረቀቱን መፈለግ ግድ ነው። ከናንተ መካከል አባታችሁ ወይም አያታችሁ ሾፌር፣ መካኒክ፣ የመንገድ ሠራተኛ ወይም ጎብኚ አጓጓዥ የነበሩ ካሉ፣ ያረጀ ሊብሬ፣ መንጃ ፈቃድ፣ የጋራዥ ደረሰኝ ወይም በመኪና አጠገብ የተነሡት ፎቶግራፍ ሳጥን ውስጥ ተቀምጦ ሊሆን ይችላል። ሳይቀደድ ወደ ታሪክ ትምህርት ክፍል አምጡልን፤ ገልብጠን ዋናውን እንመልስላችኋለን። ጥያቄ ያላችሁ አሁን መጠየቅ ትችላላችሁ።