«ተራራው ወደ ሙሐመድ ካልመጣ...» አባባሉ ከየት መጣ?

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም። ምስጋና ለአላህ የተገባ ነው። ሶላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በሶሓቦቻቸው ላይ ይሁን።

በእንግሊዝኛ በጣም የተለመደ አንድ አባባል አለ፦ «ተራራው ወደ ሙሐመድ ካልመጣ፣ ሙሐመድ ወደ ተራራው ይሄዳል»። ሰዎች ይህን የሚሉት የሚፈልጉት ነገር ወደ እነሱ አልመጣ ሲላቸው ራሳቸው ተነስተው ወደ እሱ እንደሚሄዱ ለመግለጽ ነው። ገዢ ወደ ሱቁ አልመጣ ያለው ነጋዴ ዕቃውን ተሸክሞ ወደ ገዢው ቤት ሲሄድ አባባሉ ይጠቀስለታል። ወደ አማርኛ ተተርጉሞ ሲነገርም እንሰማለን።

ላይ ላዩን ሲያዩት ክፋት የለበትም። እንዲያውም ለማያውቅ ሰው ስለ ትሕትና የሚያስተምር ሐዲስ ሊመስለው ይችላል። ነገር ግን የነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ስም ተጠርቶበታልና ሁለት ጥያቄ መጠየቅ ግድ ይለናል። ታሪኩን ማን አወራው? እሳቸውስ እንዲህ ያለ ነገር አድርገዋል?

አንደኛ፦ ታሪኩ የተጻፈው የት ነው?

አባባሉን በእንግሊዝኛ ያስገባው ፍራንሲስ ቤከን የተባለ እንግሊዛዊ ፈላስፋና የመንግሥት ሹም ነው። እ.ኤ.አ በ1625፣ ከመሞቱ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ፣ «ኤሴይስ» የተባለውን መጽሐፉን አስፋፍቶ አሳተመ። በውስጡ «ስለ ድፍረት» የሚል አጭር ጽሑፍ አለ። በዚያ ጽሑፍ ቤከን የሚናገረው ሕዝብን በትልልቅ ተስፋ ስለሚያታልሉና ሲጋለጡም ስለማያፍሩ ሰዎች ነው። ምሳሌ አድርጎ ያመጣውም (ሐሻ!) ነቢያችንን (ሰ.ዐ.ወ) ነው። እንደ እሱ ወሬ፣ ኮረብታ ጠርተው እንደሚያመጡ ለሕዝቡ ተናገሩ፤ ሕዝቡም ተሰበሰበ፤ ኮረብታውን ደጋግመው ጠሩት፤ ኮረብታው ግን ንቅንቅ አላለም። ያኔ ምንም ሳያፍሩ «እንግዲያው እኔ እሄዳለሁ» አሉ ይላል። ቤከን የጻፈው «ኮረብታ» ብሎ ነበር፤ በሰዎች አፍ ሲዞር ኮረብታው ተራራ ሆነ።

እንግዲህ አስተውሉ። የአባባሉ የመጀመሪያ ትርጉም ስለ ትሕትና አይደለም። ነቢያችንን አታላይ አድርጎ የሚያቀርብ ቀልድ ነው። ዛሬ የሚጠቀሙበት አብዛኞቹ ሰዎች ይህን አያውቁም።

ቤከን ወሬውን ከየት እንዳመጣው አልጠቀሰም። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ወደ አኺራ የሄዱት እ.ኤ.አ በ632 ነው። በሁለቱ መካከል 993 ዓመት አለ። የቁርኣን ትርጉም በእንግሊዝኛ ለመጀመሪያ ጊዜ የታተመው በ1649 ሲሆን እሱም ከፈረንሳይኛ የተወሰደ ነበር። ጆርጅ ሴል ከዐረብኛው የተረጎመው ደግሞ በ1734 ነው። ስለዚህ በቤከን ዘመን የነበረ ተራ አንባቢ ወሬውን በራሱ ቋንቋ የሚያመሳክርበት ቁርኣን እንኳ አልነበረውም።

ይህን የሚመስል ቀልድ በቱርኮች ዘንድ በነስረዲን ሆጃ ስም ይወራል። ሆጃ ወሊይ ነኝ ይላል፤ ማስረጃ ሲጠየቅ ዛፍ ይጠራል፤ ዛፉ አልመጣ ሲል «ወሊዮች ኩራት የለብንም» ብሎ ራሱ ወደ ዛፉ ይሄዳል። እንዲህ ያለ ቀልድ ባለቤት የለውም፤ በፈለጉት ሰው ላይ ይለጠፋል።

ሁለተኛ፦ የኛ ዑለማዎች መንገድ

በነቢያችን ስም የተነገረ ነገር ሁሉ ኢስናድ ይጠየቅበታል። ማን ከማን ሰማ? ሰሚው ታማኝ ነው? ተገናኝተዋል? እሳቸው ያላሉትን ሆን ብሎ በስማቸው የዋሸ ሰው መቀመጫው እሳት እንደሆነ የሚያስጠነቅቀው ሐዲስ በሙተዋቲር ደረጃ የደረሰ ነው። ኢብኑል ጀውዚን የመሰሉ ዑለማዎችም የተቀጠፉ ሐዲሶችን ለይተው ሕዝቡን ለማስጠንቀቅ ራሱን የቻለ ኪታብ ጽፈዋል። ይህ የተራራ ወሬ ኢስናድ የለውም።

ሦስተኛ፦ ሲራው ምን ይላል?

ሲራው የሚነግረን የወሬውን ተቃራኒ ነው። ተዓምር አሳየን እያሉ ሲወተውቱ የነበሩት ቁረይሾች ናቸው። ኢማም አሕመድ በሙስነዳቸው ከኢብኑ ዐባስ (ረ.ዐ) እንደዘገቡት፣ የሶፋ ኮረብታ ወርቅ እንዲሆንላቸው፣ እርሻ እንዲያርሱም ተራሮቹ ከአካባቢያቸው እንዲነሱላቸው ጠይቀው ነበር። ምርጫው ለመልዕክተኛው ተሰጠ፦ የጠየቁት ይሰጣቸው፣ ከዚያ ከካዱ ግን ይጠፋሉ፤ ወይም በትዕግስት ይጠበቁ። እሳቸው መታገስን መረጡ። በሱረቱል ኢስራእም ለእንዲህ ያለው ጥያቄ የተሰጠው መልስ እሳቸው መልዕክተኛ የሆኑ ሰው መሆናቸውን እንዲናገሩ ነው።

ከዚህ የሚበልጠው ግን ዓኢሻ (ረ.ዐ) የዘገበችው፣ ቡኻሪና ሙስሊም ያሰፈሩት ነው። ጥሪያቸውን አልቀበል ብለዋቸው፣ አዝነው ሲመለሱ ጅብሪል መጣ፤ ከእሱም ጋር የተራሮች መልአክ ነበር። ከፈለጉ መካን ግራና ቀኝ ያቀፏትን ሁለት ተራሮች በሕዝቡ ላይ ሊደፋቸው ዝግጁ መሆኑን ነገራቸው። እሳቸው ግን እምቢ አሉ፤ ከወገባቸው አላህን ብቻ የሚገዙ ልጆች እንዲወጡ ተስፋ አደረጉ። ተስፋቸውም ሠመረ። የአቡ ጀህል ልጅ ዒክሪማ፣ የወሊድ ልጅ ኻሊድ ሰለሙ።

ሱብሓነላህ! ቀልደኞቹ ተራራ አልመጣላቸውም ይላሉ፤ በሶሒሑ ዘገባ ግን ተራሮቹ በትእዛዛቸው ሥር ሆነው ቀርበውላቸዋል፤ ለጠላቶቻቸው አዝነው የመለሷቸው እሳቸው ናቸው።

አንድ እንጨምር። ልጃቸው ኢብራሂም በሞተ ቀን ፀሐይ ተጋረደች፤ ሰዎችም ለኢብራሂም ሞት ነው አሉ። ሕዝብን ማታለል የሚፈልግ ሰው ከዚህ የተሻለ አጋጣሚ ከየት ያገኛል? ዝም ማለት ብቻ ይበቃው ነበር። እሳቸው ግን ሐዘናቸው ገና ሳይበርድ ተነስተው፣ ፀሐይና ጨረቃ ለማንም መሞት ወይም መወለድ እንደማይጋረዱ አስተማሩ።

ታዲያ ምን እናድርግ?

አባባሉን ከሥራ ባልደረባም ሆነ ከጎረቤት ብንሰማ ለጠብ አንነሳ፤ አብዛኛው ሰው ለስድብ ብሎ አይናገረውም። ምንጩን በመልካም አንደበት እንንገረው፤ የመልአኩንም ታሪክ እናጫውተው። እኛ ግን በአንደበታችንም ሆነ በጽሑፋችን አንጠቀምበት፤ «ነቢያችን እንዳሉት» ብለንማ በፍጹም አናስተላልፈው። ለልጆቻችንም ከመጋራታችሁ በፊት ኢስናዱ የት አለ ብላችሁ ጠይቁ እንበላቸው።

አላህ ነቢያችንን በእውቀት ከሚወዱት ያድርገን። አሚን። ወላሁ አዕለም።