አስም ትንፋሽ ብቻ አይደለም የሚነካው፤ ስሜትንም ይነካል

እኔ ከጁባ ወጣ ብሎ ባለው የጎሮም ካምፕ ልጆች አስተምራለሁ። ሐኪም አይደለሁም፤ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ነው ጠመኔ የያዝኩት። አስም ግን ከልጅነቴ ጀምሮ አብሮኝ አለ።

ይህን እንድጽፍ ያደረገኝ አንድ ተማሪዬ ነው። ባለፈው በጋ ጠዋት ጠዋት ክፍል ውስጥ ያንቀላፋል፣ ሲናገሩት ይቆጣል፣ ኳስም ተወ። እኔም "ሰነፍ" ብዬ ጓደኞቹ ፊት አስቆምኩት። እናቱ መጥታ፣ "ቲቸር፣ ሌሊቱን ሙሉ እኮ ሲያስል ነው የሚያድረው" አለችኝ። ለካ አስም ነው። እኔው ራሴ ታማሚ ሆኜ አላወቅኩለትም። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

አስም ምንድን ነው?

በሳንባችን ውስጥ ያሉት የአየር ቧንቧዎች ያብጣሉ፣ ይጠባሉ፣ በአክታም ይሞላሉ። ትንፋሽ ያጥራል፣ ደረት ሲር ሲር ይላል፣ በተለይ ሌሊትና ንጋት ላይ ሳል ይበረታል። የሳንባ ነቀርሳ አይደለም፤ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ብቻ 262 ሚሊዮን ሰዎች አስም እንደነበረባቸው ገምቷል። ስለዚህ ብቻችንን አይደለንም።

ስሜትን እንዴት ይነካል?

በአማርኛ "ጨነቀኝ" የምንለው ለደረትም ለሐሳብም ነው። ሁለቱ በእርግጥም የተያያዙ ናቸው። አስም ያለበት ሰው ከሌላው ይልቅ ለጭንቀትና ለድባቴ የተጋለጠ ነው። ምክንያቶቹ እነዚህ ናቸው፦

1. ፍርሃት። አንድ ጊዜ ትንፋሽ አጥቶ ያደረ ሰው ቀጣዩን እየጠበቀ ይኖራል። ፓፉ ሊያልቅ ሲል ደግሞ ፍርሃቱ ይብሳል። ፍርሃት በበኩሉ አተነፋፈስን ያፋጥናል፣ አስሙንም ሊቀሰቅስ ይችላል።

2. እንቅልፍ ማጣት። ሲያስል ያደረ ሰው ጠዋት ቢነጫነጭ፣ ትምህርት ባይገባው አይገርምም። የተማሪዬ ነገር ይኸው ነበር።

3. መድኃኒቱ። ሳልቡታሞል (ብዙዎቻችን ቬንቶሊን የምንለው) እጅ ያንቀጠቅጣል፣ ልብ ያስመታል፤ ሰው "ፈራሁ" ብሎ ሊያስብ ይችላል። ፕሬድኒሶሎን እንቅልፍ ሊነሳ፣ ስሜትን ከፍ ዝቅ ሊያደርግ ይችላል። ሞንቴሉካስት ላይ ደግሞ የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በ2020 ጠንካራ ማስጠንቀቂያ እንዲጻፍ አዝዟል፤ ቅዠት፣ ቁጣ፣ ራስን የማጥፋት ሐሳብ ሊያመጣ ስለሚችል ነው። እንዲህ ያለ ለውጥ ካያችሁ ቶሎ ለሐኪም ንገሩ። ፕሬድኒሶሎንን ግን በራሳችሁ አታቋርጡ።

4. ከሰው መራቅ። የከሰሉና የዕጣኑ ጭስ ስለሚያፍነኝ ጎረቤት ቡና ስጠራ እቀር ነበር። "ኮራች" ተባልኩ። እኔ ደግሞ ቤቴ ቁጭ ብዬ ሆዴ ይብሳል። በኋላ እውነቱን ስነግራቸው ቡናውን ውጭ ማፍላት ጀመሩ፤ ዕጣኑንም እኔ ከሄድኩ በኋላ ያጨሳሉ።

አስሙ ነው ወይስ ጭንቀቱ?

ሲር ሲር የሚል ድምፅና ሳል ካለ፣ በፓፍም ከተሻለ፣ አብዛኛውን ጊዜ አስም ነው። ሳልም ሲርታም ሳይኖር ጣትና የአፍ ዙሪያ ከደነዘዘ ግን በጭንቀት ምክንያት በፍጥነት መተንፈስ ሊሆን ይችላል። ካልለያችሁት እንደ አስም ቁጠሩት። ሰውየው አንድ ዓረፍተ ነገር መጨረስ ካቃተው፣ ከንፈሩ ከጠቆረ ወይም ፓፉ ካልረዳው፣ ቀጥ አድርጋችሁ አስቀምጡት፣ ፓፉን በመሃል እያስተነፈሳችሁ አንድ በአንድ ስጡት፣ ሳትዘገዩም ወደ ክሊኒክ ውሰዱት። አስም በጣም ሲከፋ የደረቱ ድምፅ ሊጠፋ ይችላል፤ "ጸጥ አለ፣ ተሻለው" ብላችሁ እንዳትዘናጉ።

ምን እናድርግ?

ሳልቡታሞል ለጊዜው ያስታግሳል እንጂ እብጠቱን አያክምም። እብጠቱን የሚቀንሰው በየቀኑ የሚሳብ እንደ ቤክሎሜታዞን ወይም ቡደሶናይድ ያለ መድኃኒት ነው። ክሊኒክ ስትሄዱ "መከላከያው አለ ወይ?" ብላችሁ ጠይቁ። አስሙ ሲረጋጋ እንቅልፉም፣ ስሜቱም አብሮ ይሻሻላል።

ልጆች ፓፉን በደንብ መሳብ ያቅታቸዋል። ደቡብ አፍሪካዊቷ ሐኪም ሄዘር ዛርና ባልደረቦቿ ግማሽ ሊትር የምትይዝ የፕላስቲክ ጠርሙስ በገበያ ከሚሸጠው መሳቢያ ጋር እኩል እንደምትሠራ እ.ኤ.አ. በ1999 አሳይተዋል። ታጥባ የደረቀችውን ጠርሙስ ቂጧን በፓፉ አፍ ልክ ትበሳላችሁ፣ ፓፉን አስገብታችሁ ዙሪያውን አየር እንዳያስወጣ ትደፍናላችሁ፤ ልጁ በጠርሙሱ አፍ ይተነፍሳል። የመጀመሪያውን የጤና ባለሙያ ቢያይላችሁ ይመረጣል።

ማዘን፣ ተስፋ መቁረጥ ወይም ምንም ነገር ማስጠላት ከሁለት ሳምንት ካለፈ፣ ስለ ሳሉ ብቻ ሳይሆን ስለ ስሜታችሁም ለጤና ባለሙያው ንገሩ። "ስደት ነው፣ ሁሉም ያዝናል" ብላችሁ አትለፉት። የሞት ሐሳብ ከመጣባችሁ ደግሞ ሳታድሩ በዚያው ቀን ለምታምኑት ሰው ንገሩ፤ ብቻችሁን አትሁኑ።

እኔ አሁን ሰሌዳውን በእርጥብ ጨርቅ ነው የማጠፋው። ተማሪዬም ክፍል ፊት፣ ጓደኞቹ እየሰሙ ይቅርታ ጠይቄዋለሁ። መድኃኒቱን ከጀመረ ወዲህ ሌሊት ይተኛል። ኳስም ተመልሷል፤ ለጊዜው በረኛ ነው።

ቸር ያሰንብተን!