ከአኻያ ልጥ እስከ ፓናዶል፦ በኪሳችን የምንይዘው ኪኒን ታሪክና ዋጋው



ውድ ወንድሞችና እህቶች፣ ዛሬ የምናነሳው በየቤታችን ስላለ ነገር ነው። ራሳችንን ሲያመን በፍሬ ገዝተን እንውጠዋለን። ለፈተና ስናድር ከሻይ ጋር እንወስደዋለን። ጓደኛ «ወገቤን» ሲል ከኪሳችን አውጥተን እናካፍለዋለን። የህመም ማስታገሻ ነው። ብዙዎቻችን መድኃኒት አድርገን እንኳ አንቆጥረውም። ታሪኩን ያየ ሰው ግን እንዲህ ቀለል አድርጎ አይወስደውም። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

▪️ ከወንዝ ዳር ዛፍ የተጀመረ ጉዞ

በአገራችን ወንዞች ዳር የሚበቅለውን አኻያን ብዙ ሰው ያውቀዋል። የአስፕሪን ታሪክ የሚጀምረው ከዚህ ዛፍ ወገኖች ነው። ከ3,500 ዓመት በፊት ግድም የተጻፈው «ኤበርስ ፓፒረስ» የተባለው የጥንት ግብፃውያን የሕክምና ጽሑፍ አኻያን ከመድኃኒቶች ጋር ይጠቅሰዋል።

በ1763 ኤድዋርድ ስቶን የተባለ የእንግሊዝ ቄስ ለሮያል ሶሳይቲ ደብዳቤ ጻፈ። የአኻያ ልጥ ሲቀምስ ምሬቱ የወባ መድኃኒት የነበረውን የሲንኮና ልጥ አስታወሰው። ስለዚህ ልጡን አድርቆና ፈጭቶ ትኩሳት ላለባቸው 50 ያህል ሰዎች ሰጠ፤ ውጤቱም ጥሩ ሆኖ አገኘው። በነገራችን ላይ ከሲንኮና የሚወጣው መድኃኒት ኩዊኒን ይባላል። እኛ ዛሬ ማንኛውንም እንክብል «ኪኒን» የምንልበት ቃል የመጣው ከእሱ ነው።

በ1828 ዮሐን ቡክነር ሙኒክ ውስጥ ከልጡ ሳሊሲን የተባለውን ንጥረ ነገር ለየ። ከዚያ የተገኘው ሳሊሲሊክ አሲድ ቁርጥማትን ያስታግስ ነበር፤ ሆድን ግን ክፉኛ ያቃጥላል። በ1897 ጀርመን ውስጥ በባየር ኩባንያ ይሠራ የነበረው ፌሊክስ ሆፍማን ለሆድ የተሻለውን ንጹሕ ቅርጽ ሠራ። በ1899 «አስፕሪን» ተብሎ ተመዘገበ።

እዚህ ላይ አንድ የሐቅ ጥያቄ አለ። የሆፍማን ባልደረባ አርተር አይሸንግሩን ይሁዲ ነበር። በናዚ ዘመን በማጎሪያ ካምፕ ታስሮ ተረፈ። በ1949 «ሥራው የተሠራው በእኔ መመሪያ ነበር» ሲል ጻፈ፤ በዚያው ዓመትም ሞተ። ክርክሩ እስከ ዛሬ አልተዘጋም።

▪️ ጥቅሙና ጉዳቱ በአንድ በር ይገባሉ

አስፕሪን እንዴት እንደሚሠራ የታወቀው ገበያ ላይ ከዋለ ከ70 ዓመት በኋላ ነው። በ1971 እንግሊዛዊው ጆን ቬን ምስጢሩን ገለጠ፤ በ1982 የኖቤል ሽልማት ከተጋሩት አንዱ ሆነ። ሰውነታችን ፕሮስታግላንዲን የሚባሉ ነገሮችን ይሠራል። እነሱ ሕመምን፣ እብጠትንና ትኩሳትን ያባብሳሉ፤ አስፕሪን ደግሞ ሥራቸውን ያቆማል።

ነገር ግን እነዚሁ ነገሮች የጨጓራን ግድግዳ ከአሲድ ይጠብቃሉ፤ ወደ ኩላሊት የሚሄደው ደም እንዳይቀንስም ያግዛሉ። ስለዚህ ሕመሙን የሚያቆመው ኪኒን ጠባቂውንም ያቆማል። በ1969 በእንግሊዝ ገበያ ላይ የዋለው አይቡፕሮፌንም፣ ዲክሎፌናክም በዚሁ መንገድ ነው የሚሠሩት። ጨጓራ የሚደማው፣ ኩላሊት የሚጎዳው መድኃኒቱ «መጥፎ» ስለሆነ አይደለም። ጥቅሙና ጉዳቱ አንድ ሥር ስላላቸው ነው።

▪️ የሁስክቫርና ሠራተኞች

ከሁሉም በላይ ወጣቶች ልብ እንድትሉት የምፈልገው ታሪክ ይህ ነው።

ስዊድን ውስጥ ሁስክቫርና የምትባል የፋብሪካ ከተማ አለች። በ1918ቱ የዓለም ኢንፍሉዌንዛ ጊዜ ዶክተር ዮርቶን የተባለ የከተማዋ ሐኪም ለሕመምተኞች አንድ ዱቄት ያዝዝ ነበር። ዱቄቱ ፌናሴቲንና ፌናዞን የተባሉ ሁለት የህመም ማስታገሻዎችና ካፌይን ነበረበት። ወረርሽኙ አለፈ፤ ዱቄቱ ግን ቀረ። የፋብሪካው ሠራተኞች «ያነቃል፣ ሥራ ያፈጥናል» እያሉ ሳያማቸው በየቀኑ ይወስዱት ጀመር። ቆይቶም እንደ ስጦታ ጠቅልለው እስከ መለዋወጥ ደረሱ።

ጉዳቱ ወዲያው ቢታይ ኖሮ ያቆሙ ነበር። ኩላሊት ግን ሲጎዳ አይጮኽም። ከብዙ ዓመታት በኋላ በዚያች ከተማ ሰዎች በኩላሊት ድክመት መሞታቸው ትኩረት ሳበ። በ1960ዎቹ የወጣ ጥናት መንስኤው ለዓመታት የተወሰደው ፌናሴቲን መሆኑን አሳየ። በአሜሪካ ፌናሴቲን ከገበያ የወጣው በ1983 ነው፤ ገበያ ላይ ከዋለ ከ90 ዓመት በላይ ቆይቶ ማለት ነው።

እነዚያ ሠራተኞች ዕፅ ተጠቃሚዎች አልነበሩም። ጠንክረው ቤተሰብ የሚያስተዳድሩ ሰዎች ነበሩ። የጎዳቸው አንድ ቀን የወሰዱት ፍሬ ሳይሆን ልማዱ ነው።

▪️ ፓራሲታሞልስ?

የፓራሲታሞል ዘመዶች ታሪክ የጀመረው በስህተት ነው። በ1886 ስትራስቡርግ ውስጥ ካን እና ሄፕ የተባሉ ሁለት ሐኪሞች ለሆድ ትል ናፍታሊን ሊሰጡ ፈለጉ። ከመድኃኒት ቤቱ የመጣላቸው ግን ሌላ ነገር፣ አሴታኒላይድ ነበር። ትሉ አልተነካም፤ የሕመምተኛው ትኩሳት ግን ወረደ። አሴታኒላይድ ደምን ስለሚጎዳ የሰዎች ከንፈር ይጠቁር ነበር። በ1948 ብሮዲና አክስልሮድ አሜሪካ ውስጥ እንዳሳዩት አሴታኒላይድ በሰውነት ውስጥ ወደ ፓራሲታሞል ይቀየራል፤ ሕመም የሚያስታግሰውም እሱ ነው። በ1956 «ፓናዶል» ተብሎ እንግሊዝ ውስጥ መሸጥ ጀመረ።

ፓራሲታሞል በልኩ ሲወሰድ ለጨጓራ ከሌሎቹ የተሻለ ነው። አደጋው ያለው ከልክ ሲያልፍ ነው። ጉበት መድኃኒቱን ሲፈጭ ጥቂት መርዝ ይፈጠራል። ጉበት ያን ጥቂት ያከሽፈዋል፤ ሲበዛበት ግን አቅም ያጣና ራሱ ይሞታል። አስፈሪው ነገር ብዙ የወሰደ ሰው በመጀመሪያው ቀን ደህና ሊመስል መቻሉ ነው። ሕመሙ ሲገለጥ መድኃኒቱ ሊያመልጥ ይችላል። ማርከሻው በጊዜ ከተሰጠ ሕይወት ያተርፋል። ስለዚህ «ምንም አልተሰማኝም» ሳይባል ወዲያው ሆስፒታል መሄድ ግዴታ ነው። ብሪታንያ በ1998 በአንድ ፓኬት የሚሸጠውን ፍሬ ብዛት በሕግ የገደበችው ለዚህ ነው።

▪️ ለእኛ ምን ይጠቅመናል?

1️⃣ ፓራሲታሞል፦ ለጤነኛ አዋቂ ባለ 500 ሚሊግራም አንድ ወይም ሁለት ፍሬ፣ ቢያንስ በ4 ሰዓት ልዩነት፣ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ8 ፍሬ ሳያልፍ። ብዙ የጉንፋን መድኃኒቶችም ፓራሲታሞል አለባቸው፤ ሁለቱን ደርባችሁ እንዳትወስዱ ጽሑፉን አንብቡ። የጉበት ችግር ያለበት ሰው ሐኪም ይጠይቅ።

2️⃣ አይቡፕሮፌንና ዲክሎፌናክ፦ ከምግብ ጋር ይወሰዱ። ሁለቱን አንድ ላይ አትውሰዱ። የጨጓራ ቁስለት ወይም የኩላሊት ችግር ያለባቸው፣ ነፍሰ ጡር እህቶችም ሐኪም ሳያማክሩ አይንኳቸው።

3️⃣ አስፕሪን፦ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ለሕፃናትና ለታዳጊዎች አይሰጥም። ራይ ሲንድሮም የሚባል ጉበትንና አንጎልን የሚያጠቃ ከባድ በሽታ ሊያስከትል ይችላል።

4️⃣ ትኩሳት፦ ኪኒን ትኩሳቱን እንጂ ወባውን አያድንም፤ ተመርመሩ። በ2013 ድሬዳዋ ላይ እንደታየው የዴንጊ ትኩሳት ከሆነ ደግሞ አስፕሪንና አይቡፕሮፌን መድማትን ያባብሳሉ።

5️⃣ ረመዳን፦ ቀኑን ሙሉ ውሃ ያልጠጣ ሰው ኩላሊቱ ለአይቡፕሮፌንና ለዲክሎፌናክ ይበልጥ ይጋለጣል። መግሪብ ላይ በባዶ ሆድ ከመዋጥ መጀመሪያ አፍጥሩ፣ ጠጡ፣ ብሉ። የመጀመሪያዎቹ ቀናት ራስ ምታት ብዙ ጊዜ ከቡና መቅረት ነው፤ ከሻዕባን ጀምሮ ስኒውን ቀስ በቀስ መቀነስ ይረዳል። የጠና ሕመም ላለበት ደግሞ ሸሪዓው ማፍጠርን ፈቅዷል፤ ራስን መጉዳት ዒባዳ አይደለም።

6️⃣ ልማድ፦ በወር ከግማሽ በላይ ቀናት ለራስ ምታት ኪኒን የሚወስድ ሰው ኪኒኑ ራሱ ራስ ምታት ሊያመጣበት ይችላል። እዚህ የደረሰ ሰው ሌላ ፍሬ ሳይሆን ሐኪም ነው የሚያስፈልገው።

ወንድሜ፣ እህቴ፦ ሕመም መልእክተኛ ነው። ኪኒን መልእክተኛውን ለጥቂት ሰዓት ዝም ያሰኘዋል፤ ያመጣውን መልእክት ግን አያነብልንም። አካላችን አማና ነው፣ እንጠብቀው። ዛሬ ማታ ቤታችሁ ያለውን ፓኬት አንሱና ስሙንና መጠኑን አንብቡ፤ እናትና አባታችሁ በየቀኑ የሚወስዱት ካለም ጠይቁ።

አላህ ለታመሙት ሁሉ ሺፋውን ይስጥልን። ወላሁ አዕለም።