«ብግነት»፣ «ጠቋሚ» እና «ትንበያ» በሳንባ ነቀርሳ ሕክምና

ሰንጋ ተራ የሚለው ስም የከብት ገበያን ያስታውሳል፤ ዛሬ ግን በስፍራው ጎልቶ የሚታየው የባንክ ሕንጻ ነው። ነገሩ ሄዶ ቃሉ ቢቀር በሰፈር ስም ላይ ጉዳት የለውም፤ በሕክምና ቃል ላይ ግን አለው። ከዚያው ሰፈር ብዙ በማይርቀው በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል አንድ አረጋዊ «የሳንባ ነቀርሳ ነው» ቢባሉ፣ ቤተ ዘመዱ የትኛውን በሽታ እንደሚሰማ እርግጠኛ መሆን አይቻልም። «የጡት ነቀርሳ»፣ «የደም ነቀርሳ» ስንል ካንሰር ማለታችን ነውና። ሮበርት ኮህ እ.ኤ.አ. በ1882 የቲቢን ተሕዋስ ካስታወቀ ወዲህ ሳይንሱ ሁለቱን በሚገባ ለይቷል፤ ቋንቋችን ግን እስከ ዛሬ አልለየም።

በሽታው ሰውነትን እንዴት እንደሚያቃጥል ለመናገር የተመረጠው «ብግነት» ግን የተሳካ ቃል ይመስለናል። «በገነ» ነደደ፣ ተቃጠለ ማለት ነው፤ የላቲኑም ቃል ሥሩ እሳት ነው። ሮማዊው ጸሐፊ ኬልሱስ በመጀመሪያው ምእት ዓመት ቅላት፣ እብጠት፣ ትኩሳትና ሕመም ብሎ የዘረዘራቸው የብግነት ምልክቶች ናቸው። በዕድሜ በገፉ ሰዎች ላይ ግን ቲቢ ብዙ ጊዜ ያለ ግልጽ ትኩሳት ይመጣል። ስለዚህ «ብግነት»ን «ትኩሳት» ብሎ የሚተረጉም ሰው፣ ትኩሳት የሌላቸውን አረጋዊ ጤነኛ ያስመስላል።

የደም ምርመራ የተፈለገውም ዓይንና እጅ የማይደርሱበትን ለማወቅ ነው። ስዊድናዊው ቬስተርግሬን እ.ኤ.አ. በ1921 የቀይ ደም ሕዋስን የመዝቀጥ ፍጥነት ያጠናው በሳንባ ቲቢ ሕሙማን ላይ ነበር። ይህ ፍጥነት ግን ከዕድሜም ጋር ይጨምራል፤ ስለዚህ በሽማግሌ ደም ሲታይ ብቻውን በሽታውን አይናገርም። እ.ኤ.አ. በ1930 ቲሌትና ፍራንሲስ ያገኙት ሲ-ሪአክቲቭ ፕሮቲንም እንዲሁ የብግነትን መኖር እንጂ ምክንያቱን አያሳይም። (እዚህ ላይ «ሲ» የሳንባ ምች ተሕዋስ አንድ ክፍል መጠሪያ ስለ ሆነ፣ ተርጓሚ ወደ «ሐ» ሊለውጠው አይገባም።) እንግዲህ እነዚህን «ምልክት» ማለት አይበቃም፤ ምልክት ሐኪሙ በአካል ላይ የሚያየው ነው። «አመልካች» የሚለውን ያቀረቡ አሉ፤ ነገር ግን በልደታ ፍርድ ቤት አመልካች አቤት ባይ ነው። «ጠቋሚ»ም በአብዮቱ ዘመን የተሸከመው መጥፎ ትዝታ አለው። ቢሆንም ጣቱን የሚቀስር እንጂ ፍርድ የማይሰጥ በመሆኑ «የብግነት ጠቋሚ» የሚለውን እንመርጣለን።

ከሁሉ የሚከብደው ግን ስለ ሕመሙ መጨረሻ የሚነገረው ቃል ነው። በግሪክኛ ቀድሞ ማወቅ ማለት ነው፤ በእኛ ዘንድ «ትንበያ» ተብሏል። ይህም ከ«ትንቢት» ጋር አንድ ሥር ስላለው የተቆረጠ ነገር ያስመስላል። በጽኑ የታመሙ አረጋዊ ሲ-ሪአክቲቭ ፕሮቲናቸው ከፍ፣ አልቡሚናቸው ዝቅ ብሎ ሲገኝ አደጋው መጨመሩን ሐኪሙ ያውቃል፤ ይህን አውቆም ክትትሉን ያጠብቃል፣ ምግባቸውንም ያስተካክላል። ተርጓሚው «ትንበያው መጥፎ ነው» ብሎ ሲያደርሰው ግን ቤተሰቡ መድኃኒቱ ከንቱ እንደ ሆነ ሊረዳው ይችላል። «የሕመሙ ሂደት ግምት» ረዘም ይላል፤ ግምት ግን ሊሻሻል እንደሚችል ማንም አማርኛ ተናጋሪ ያውቃል።