የፋይል ባለቤትነት በቀጠሮ በሚታደስ መረጃ

በዩኒክስና በሊኑክስ ሥርዓቶች፣ እንደ ክሮን ባለ የቀጠሮ ፕሮግራም በየሌሊቱ ወይም በየሰዓቱ የሚታደስ ፋይል በማን ስም እንደሚቀር የሚወስነው የአጻጻፉ መንገድ ነው።

ባለቤቱ፣ ቡድኑና ፈቃዶቹ የሚመዘገቡት ከፋይሉ ስም ጋር ሳይሆን አይኖድ በሚባለው የውስጥ መዝገብ ላይ ነው። ነባሩ ፋይል ተከፍቶ ይዘቱ ብቻ ሲጠፋና አዲስ ሲጻፍበት አይኖዱ አይለወጥም፤ ስለዚህ የጻፈው ሌላ ተጠቃሚ ቢሆንም ባለቤቱ የቀድሞው ነው። «ሲፒ» የተባለው ትእዛዝ በነባር ፋይል ላይ ሲገለብጥ በተለምዶ እንዲህ ያደርጋል።

ብዙ ፕሮግራሞች ግን በጊዜያዊ ስም አዲስ ፋይል ጽፈው ሲጨርሱ በአሮጌው ቦታ ይተኩታል። ጥቅም አለው፤ ማንም በግማሽ የተጻፈ ፋይል አያነብም። ዋጋው አዲስ አይኖድ ነው፦ ባለቤቱ ሥራውን ያስኬደው ተጠቃሚ ይሆናል፣ ቀን ባለቤትን በሚቀይረው «ቻውን» ትእዛዝ የተስተካከለው ሌሊት ይፈርሳል። ቀጠሮው የሥርዓቱ ዋና አስተዳዳሪ የሩት ከሆነማ ፋይሉም የሩት ሆኖ ያድራል፤ ፈቃዱ ጠባብ ከሆነ ጠዋት የድረ ገጹ ሰርቨር ማንበብ ያቅተዋል። ለመተካት የሚያስፈልገው በማውጫው ላይ የመጻፍ ፈቃድ እንጂ በፋይሉ ላይ አለመሆኑም ብዙዎችን ያሳስታል። ፋይሎችን የሚያመሳስለው አርሲንክም በነባሪው የሚሠራው በዚሁ መንገድ ነው፤ ባለቤትነትን እንዲጠብቅ ቢታዘዝ እንኳ ተቀባዩ ወገን በተለምዶ የሩት ሥልጣን ያስፈልገዋል።

በየጠዋቱ «ቻውን» ማስኬድ መፍትሔ አይደለም፤ ሥራውን ከመነሻው በትክክለኛው ተጠቃሚ ክሮንታብ (የክሮን ቀጠሮ ዝርዝር) ማስያዝ ይሻላል። በሊኑክስ ማውጫው ላይ ሴትጂአይዲ የተባለው የፈቃድ ምልክት ከተደረገ፣ በውስጡ የሚፈጠሩ ፋይሎች ቡድኑን ከማውጫው ይወርሳሉ፤ ባለቤቱን ግን አይወርሱም።